ከሪያልቶ ድልድይ እስከ ዳንግላ ገበያ፤ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ ቃል



በዛሬው ምሽት ቬኒስ የምትባለውን ጥንታዊት የኢጣልያ ወደብ ከተማ በእግር እየመራን እንድናስጐበኛችሁ ታዘናል። አስቀድመን እውነቱን እንናገር፤ እኛ መሪዎቻችሁ ባሕር አልተሻገርንም፤ ከተማይቱን ያወቅናት በካርታና በመጽሐፍ ነው። ሆኖም መንገዱ አጭር ስለ ሆነ አትጠፉብንም። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን።

ከባቡር ጣቢያው ስንወጣ መኪና የለም፤ ጋሪም የለም። ከተማይቱ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ተሠርታ ከ400 በሚበልጡ ድልድዮች የተያያዘች ናትና፥ ሰው የሚሄደው በእግሩ ወይም በጀልባ ነው። የባጃጅ ጩኸት የሰለቸው የእንጅባራ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቢቀና አንፈርድበትም።

በ1591 ተሠርቶ ወዳለቀው ወደ ሪያልቶ የድንጋይ ድልድይ ስንደርስ ግን ሕዝቡ ይጋፋናል። የሚጋፋን የአገሩ ሰው አይደለም። በ1951 በአሮጌው ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቍጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ። የቀረው ሁሉ እንግዳ ነው። ስለዚህ ከ2024 ጀምሮ ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ጐብኚ በተወሰኑ ቀኖች የመግቢያ ገንዘብ እንዲከፍል ተደረገ፤ አንድ አስጐብኚም ከ25 ሰው በላይ እንዳያስከትልና በድምፅ ማጉያ እንዳይናገር ተከለከለ። እኛ ዛሬ ከ25 እንበልጣለንና ቅጣቱን ተካፍለን እንከፍላለን።

ከሪያልቶ ተነሥተን በጠባቡ የነጋዴዎች መንገድ ስናልፍ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ እንወጣለን። እዚህ ላይ አስጐብኚዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ወርቃማ ሥዕልና በ1204 ከቍስጥንጥንያ ተዘርፈው ስለ መጡት አራት ፈረሶች። ፈረስ የሚወድ የአዊ ሰው እነዚህን ሳያይ አይለፍ፤ ነገር ግን ከደጅ የቆሙት ቅጂዎች ስለ ሆኑ ዋነኞቹን ወደ ውስጥ ገብቶ ይመልከት።

ከአስጐብኚዎቹ ብዙዎቹ የማያነሡት ደግሞ አለ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክት ወደዚህች ከተማ መጥቶ ነበር። መሪው አንቶንዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎሬንስ ሰው ሲሆን፥ ከንጉሡ ዘንድ ያመጣው ገጸ በረከት በሕይወት ያሉ ነብሮች ነበሩ። ነብሮቹ ከመርከብ ሲወርዱ የቬኒስ ነጋዴዎች ፊት ምን ይመስል እንደ ነበር ብናይ ደስ ባለን። ኋላም በዚያው ምዕት ዓመት ማለቂያ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ብዙ ዘመን ኖረ፤ በእኛ ዘንድ መርቆሬዎስ ተባለ።

አሁን አደባባዩን ተሻግረን በኮሬር ቤተ መዘክር በኩል ወደ ማርቻና ቤተ መጻሕፍት እንግባ። የመጣነው ለዚህ ነው። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኵሴ በ1450ዎቹ የሠራው፥ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ክብ የዓለም ካርታ እዚህ ይገኛል። በዚህ ካርታ ደቡብ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ አፍሪካ ከላይ፥ ኤውሮፓ ከታች ሆነው ይታያሉ። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ወተት ዓባይ ላይ የምንሻገረው ወንዝ ገብሮ የሚያሳድገው ታላቁ ዓባይም፥ «አባዊ» ተብሎ ተጽፎአል። ፍራ ማውሮ ይህን ከየት አገኘ ቢባል ራሱ በካርታው ላይ መልሶአል፤ የዚያ አገር ተወላጆች አውራጃውን፥ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሥለው እንደ ሰጡት ይናገራል። በ1441 የኢትዮጵያ መነኰሳት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ፍሎሬንስ ድረስ መጥተው ነበርና ነገሩ አያስደንቅም። የሚቈጨን ሌላ ነው። ካርታው በፍራ ማውሮ ስም ይጠራል፤ የሣሉለት ሰዎች ስም ግን በካርታው ላይ የለም።

ይህን ስናነብ ሐሳባችን ወደ ዳንግላ ተመለሰ። ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ እየተነሣ ጣናን ዞረ፥ የዓባይን ሸለቆ ተከተለ፥ ካርታም አነሣ፤ በ1936ም መጽሐፉን አሳተመ። በቅሎ የጫኑለት፥ መልካውንና የተራራውን ስም የነገሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ኋላ የኢጣልያ ጦር ዳንግላን ያዘ፤ በ1941 በየካቲት ወር ለቅቆ ወጣ። ይህ ሁሉ በአንዲት ከተማ ሆነ፤ እኛ ግን በአውቶቡስ እናልፋታለን። የቆንስላው ግቢ የት እንደ ነበረ ከመካከላችን ጠይቀን ቦታውን የሚያሳይ አንድ ሰው እንኳ አጣን። ስለ ሪያልቶ የተናገርን ሰዎች በዚህ ብናፍር ይገባል።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት ዳንግላ መናኸሪያ እንገናኝ። መሪዎቻችን በዚያ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ይሆናሉ፤ አውንጊ የምትችሉ ከፊት ሁኑ። ደብተር ያዙ፤ የሚነግሩንንም ሰዎች ስም ከነአባታቸው አስፈቅዳችሁ ከገጹ ራስ ላይ ጻፉ።