ስለ አይሮፕላን ማረፊያ እሳት አደጋ ሠራተኞች የቆብ ዓርማ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ቴምብርና የጥንት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች መኖራቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ብዙ ሰው ልብ ስለማይላት አንዲት ትንሽ ብረት ነው፤ ይኸውም የአይሮፕላን ማረፊያ እሳት አደጋ ሠራተኛ በቆቡ ግንባር ላይ የሚያደርጋት ዓርማ ናት።

ደሴ የተራራ ከተማ ስለ ሆነች መንገደኛዋ አይሮፕላን የሚሳፈረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ከኮምቦልቻ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እንደሚለው፣ የእሳት አደጋ መኪና ከተጠራ በኋላ ከመንደርደሪያው የትኛውም ዳር ለመድረስ ከ3 ደቂቃ በላይ ሊፈጅበት አይገባም። ሠራተኛው ዓመት ሙሉ ለዚያች 3 ደቂቃ ሲዘጋጅ ይኖራል፤ አደጋ ካልደረሰ ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። እንግዲህ ዓርማውን መጠበቅ ያልተመሰገነን ሠራተኛ ማመስገን ነው።

ዓርማ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝ አገር ሰብሳቢዎች የዘውዱን ቅርጽ አይተው የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን ዘመን ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘመን ይለያሉ። በአገራችንም ዘውድ የደፋው አንበሳ እስከ 1967 ዓ.ም. የነበረውን መንግሥት፣ ባለ ኮከቡ የመንግሥት ዓርማ ደግሞ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። የመሥሪያ ቤት ስምም ይረዳል፤ የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2009 ዓ.ም. ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዷልና።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለወሎ ልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ የኮምቦልቻው አይሮፕላን ማረፊያም ጉዳት ደረሰበት። የፈረሰ ግንብ በገንዘብ ይሠራል፤ የጠፋ መታሰቢያ ግን በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ታሪክ በአንድ ቤት ብቻ ከሚቀመጥ በየቤቱና በየደብተሩ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሰባሰቡም ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ በሥራ ላይ ካለ ሠራተኛ ዓርማ መጠየቅም መግዛትም አይገባም፤ ክፉ ሰው አጥልቆት የተከለከለ በር ሊያልፍበት ይችላልና። የሚጠየቁት በጡረታ የተገለሉት አባቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ዓርማው የማን እንደ ነበረ፣ የትና በየትኛው ዓመት እንዳገለገለ ወዲያው ይጻፍ። ሦስተኛ፣ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ በመወልወያ አይፈተግ፤ ቅርጹ ያልቃልና። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በወረቀት መጠቅለል ይበቃል። ባለቤቱ ሊለየው ካልወደደ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ታሪኩን መጻፍ ነው። ታሪኩ የተጻፈለት ፎቶግራፍ ታሪኩ ካልታወቀ ዓርማ ይበልጣል።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ! በሣጥናችሁ ሥር የአባት ወይም የአጎት የሥራ ቆብ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ከመጣሉ በፊት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ታሪኩንም ንገሩአቸው። እኛም እርሳስና ደብተር ይዘን ለመስማት ዝግጁ ነን።