የፈረሱን ቀለም ማን ነገረን?

እሷ፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ የተቀረጸው ዛሬ በኮምፒውተር ቀለም ይቀባ?

እሱ፦ ይቀባ እንጂ! ልጆቻችን ጥቁርና ነጭ ሲያዩ ጣቢያ ይቀይራሉ። በቀለም ቢያገኙት ቁጭ ብለው ያያሉ፤ አያቶቻቸውንም ያውቃሉ።

እሷ፦ እኔ አልስማማም፣ ወንድሜ። ለምሳሌ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዘመን ፈረሰኛ ፎቶ አስብ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚይዘው የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ እኩል ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ፈረሱ ዳማ ይሁን ጉራቻ፣ ግላሱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ይገምታል እንጂ። ጥር 23 ለማኅበሩ በዓል ኢንጅባራ ሜዳ የሚወጣ ሰው ደግሞ ፈረስን በመልኩ ለይቶ የሚያውቅ ነው።

እሱ፦ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ መቀባት ይቻላል እኮ።

እሷ፦ እንዲያ ከሆነ እሰየው! ግን ማን ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ባለሀብት ቴድ ተርነር የድሮ ፊልሞችን ሲያስቀባ፣ የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ኮንግረስ ድረስ ሄደው ተቃውመዋል።

እሱ፦ ዋናው ፊልም ግን አልጠፋም፤ የተቀባው ቅጂው ነው።

እሷ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝም የእኛ ዋናው ነው። መጀመሪያ እሱን እናድን። የተቀባውም ላይ «ቀለሙ ግምት ነው» ተብሎ ይጻፍበት።

እሱ፦ መጻፉን እቀበላለሁ፣ እህቴ። ዋናው እስኪድን ግን ልጆቹን አናስጠብቃቸው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ።