ተጠምቀን እንማር፤ ተምረን እናስተምር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሙታን ከተነሣ በኋላ ሐዋርያቱን በገሊላ ተራራ ተገልጦላቸው፥ አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት እንዲያደርጉ አዘዛቸው። ሥራውም ሦስት ነው፤ ይኸውም ሊሄዱ፥ ሊያጠምቁ፥ ያዘዛቸውንም ሁሉ ይጠብቁ ዘንድ ሊያስተምሩ ነው (ማቴ. ምዕ. 28)። እንግዲህ የትእዛዙ ፍጻሜ ማጥመቅ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ይከተለዋል።

ይህን በቅርብ ለመረዳት በልቡናችን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንውጣ። በዚያ ተራራ፥ በባሕር ዛፉ መካከል፥ ሕሙማን ማልደው ወደ ጠበሉ ይሄዳሉ። አንዱ በዘመዱ፥ ሌላው ዘመድ አጥቶ በበትሩ ተደግፎ ይመጣል። የሁሉም ምኞት ፈውስ ነው፤ ፈውስን መሻትም ነውር የለበትም። ነገር ግን ከለምጻቸው ከነጹት 10 ሰዎች መካከል ለምስጋና የተመለሰው 1 ብቻ እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ምዕ. 17)። ፈውሱን ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው፤ ፈዋሹን የሚከተል ግን ጥቂት ነው። የደቀ መዝሙርነት መንገድ የዚያ የተመለሰው ሰው መንገድ ነው።

ደቀ መዝሙር በግእዝ የመዝሙር ልጅ ማለት ነው፤ ልጅም በአንድ ቀን አያድግም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ አገሩን ትቶ ከየኔታ እግር ሥር የሚቀመጠው ድምፅ ሰምቶ ለመመለስ አይደለም። ሰምቶ፥ ደግሞ፥ ተገሥጾ፥ የመምህሩን ጠባይ ተመልክቶ ለማደግ ነው። ከፍ ያለውም ተማሪ ለጀማሪው ያስቀጽላል። እንዲሁም ክርስቲያን ሳይማር ማስተማር አይችልም፤ ተምሮ ዝም ማለትም አይገባውም።

ሰውን ደቀ መዝሙር ለማድረግ የሚወድ አስቀድሞ ለነፍሱም ለሥጋውም ይራራለት። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ቢወስድ እምነቱን አጎደለ እየተባሉ የሐኪም መድኃኒታቸውን የተዉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ነበሩ። ስለዚህ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፥ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። በደከመ ሰው ጫንቃ ላይ ሸክም መጨመር ስብከት ሊባል አይችልምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከጠበል የተመለሰ ጎረቤት ቢኖራችሁ ፊታችሁን አታዙሩበት። ቤቱ ገብታችሁ ጠይቁት፤ አብራችሁት ጸልዩ፤ የምታውቁትን አንድ ቃል አስተምሩት፤ በሚቀጥለውም እሑድ ወደ ቅዳሴ ይዛችሁት ሂዱ። ጌታችን በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠች የቀዝቃዛ ውሃ ጽዋ እንኳ ዋጋዋ እንደማይጠፋ ነግሮናል (ማቴ. ምዕ. 10)። በላዔ ሰብእም በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት እንዳገኘ፥ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ስናከብር እናስበዋለን። የእኛ ጥርኝ ውሃ ከማን እጅ ደረሰ? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ተምረን የምናስተምር፥ ምሕረትን አግኝተን የምንምር ደቀ መዛሙርት ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።