«በኋላ» እና «የተነሣ»

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ዕድራችን የተቋቋመው ለመቅበርና ለማጽናናት ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ኀዘንተኛውን ለብቻው አንተውም። ይሁን እንጂ በመተዳደሪያ ደንባችን ሳይጻፍ በየድንኳኑ የምንሠራው ሌላም ሥራ አለ። ይኸውም «ምን ገደለው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከቀብር መልስ ሰው ቁጭ እንዳለ ጥያቄው ይነሣል፤ ሳይመሽም አንድ መልስ ተገኝቶለት ሰው ይበተናል። መልሱ ትክክል ከሆነ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ሊያድን ይችላል። ስሕተት ከሆነ ግን ወይ ሰውን ከሕክምና ያርቃል፣ ወይ ያላጠፋ ጎረቤት ስሙን ያጣል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ምክንያትና ውጤት ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

ልጆቻችን ለፈተና ሲዘጋጁ የሚለማመዱት አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይሰጧቸውና ዝምድናቸውን ለዩ ይባላሉ። መልሱ ከአራት አንዱ ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አመጣ። ሁለተኛ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለተኛው ነው የመጀመሪያውን ያመጣው። ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ያመጣ ያልተጠቀሰ ሌላ ምክንያት አለ። አራተኛ፣ እንዲያው ገጠሙ እንጂ አይተዋወቁም። ይህ ልምምድ የልጆች ብቻ ሆኖ ባይቀር ጥሩ ነው። እስቲ እዚሁ በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ በምናውቀው ነገር እንሞክረው።

«ጉና ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ ወጣ።» ይህ ቀላሉ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አመጣ። ነገር ግን ምክንያቱ ከውጤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ እንበል። ጉማራና ርብ የጉናን ውሃ ይዘው ወደ ጣና ሲወርዱ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ማሳ ሊሸፈን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳው በተጥለቀለቀ ጊዜ የነበረ ሰው የእነዚህን ወንዞች ጉልበት አይረሳም። ታዲያ ጉና ላይ የዘነበው ነው ብለን በእርግጠኝነት የምንናገረው ለምንድን ነው? መንገዱን ስለምናውቅ ነው። ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ የሄደ ሰው ከውጤቱ ተነሥቶ ምክንያቱ ዘንድ ይደርሳል። እንግዲህ «ይህ የመጣው ከዚያ የተነሣ ነው» በተባለ ቁጥር «መንገዱ የታል?» ብለን እንጠይቅ።

«የወባ ኬሚካል ረጪዎች ወደ አንድ ቀበሌ መጡ። በዚያ ቀበሌ ወባ በዛ።» ሁለቱን አጣምሮ ያየ ሰው «ርጭቱ ነው ያመጣብን» ሊል ይችላል። ግን እኮ ረጪዎቹ የሚላኩት ወባ ወደበዛበት ቦታ ነው። ወባው ረጪዎቹን አመጣቸው እንጂ ረጪዎቹ ወባውን አላመጡትም። ይህ ተገላቢጦሹ ነው።

«እሸት በቆሎ ደረሰ። ወባ ተነሣ።» ይህ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወባን ከእሸት በቆሎ ጋር አያይዞ ሲናገር እንሰማለን። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ወደ መደምደሚያው ግን መንገድ የለውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጀሪያ ውስጥ የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ አየ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ወባ በአፍ የሚገባ ሳይሆን በእንስት ትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ መሆኑ ታወቀ። በቆሎውን የሚያሳድገው ዝናብ ነው፤ ትንኟ የምትፈለፈልበትን ኩሬ የሚሞላውም ያው ዝናብ ነው። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያ ዝናብና ሙቀት ከወትሮው ሲያልፍ የሚሆነውን አገራችን በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ አይታዋለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር በሚደርሱ ቦታዎች ወባ ገብቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። የእኛ ሜዳም ከፍታው በዚሁ መካከል ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ቆይቶ በአገራችን በተደረገ ጥናት፣ በቆሎ ሲያብብ ከአናቱ የሚረግፈው ብናኝ ኩሬ ውስጥ እየወደቀ የትንኝ ዕጭ እንደሚመገበውና ዕጩም በዚህ ቶሎ እንደሚያድግ ታይቷል። በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ የወባ ሕመምተኛው በጣም ይበልጥ እንደነበር ተመዝግቧል። ስለዚህ በቆሎና ወባን አያይዘው ያዩት ሰዎች አስተውሎታቸው አልተሳሳተም፤ የሳቱት መንገዱን ነው። እሸት መብላት አያሳምምም፤ በቤታችን ሥር ኩሬ አጠገብ በቆሎ መዝራት ግን ትንኝ መቀለብ ሊሆን ይችላል። መንገዱን ያወቀ ሰው እሸቱን ሳይተው ኩሬውን ያጠፋል።

«ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ገባ። ሕመምተኛው ሞተ።» ከዚህ ተነሥቶ «እዚያ የገባ አይወጣም» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ ያስኬደውም፣ የገደለውም የጠናው ሕመም ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ እንደጀመረ ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ ክኒኑን ውጦ በሳምንቱ ገበያ የወጣውን ግን ማንም አይቆጥረውም፤ ድንኳን አልተተከለለትማ! የጤና ባለሙያዎች ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሂዱ የሚሉት ለዚህ ነው። በሕክምና ቦታ ጥፋት አይፈጸምም ማለታችን አይደለም። ጥፋት ካለ ይጠየቅ፤ ስንጠይቅ ግን መጀመሪያ ሕመምተኛው በስንተኛው ቀን እንደደረሰ እንወቅ።

አራተኛውን ስንናገር ቃላችንን መዝነን ነው። «ጎረቤቲቱ ልጁን ዐይታ አደነቀች። ልጁ በማግሥቱ ትኩሳት ያዘው።» በአገራችን ስንት ቀጥቃጭ፣ ስንት ሸማኔ፣ ስንት ሸክላ ሠሪ በዚህ ዓይነት ንግግር ቡዳ ተብሎ ከሰው ተለይቷል! ይህን በሁለት መንገድ እንመርምረው። አንደኛ፣ የገጠመውን ብቻ ሳይሆን ያልገጠመውንም እንቁጠር። እኚህ ሴት አድንቀዋቸው ደህና ያደጉ ልጆች ስንት ናቸው? ማንም ሳያደንቃቸው የታመሙትስ? ሁለተኛ፣ መንገዱን እንጠይቅ። ወባ ከተነከሱበት ቀን አንሥቶ እስኪያተኩስ ድረስ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንግዲያው የዛሬው ትኩሳት ወባ ከሆነ የትናንቱ እንግዳ ምን አደረገ? ልጁ የተነከሰው እንግዳዋ ከመምጣቷ በፊት፣ ያለ አጎበር በተኛበት ሌሊት ነው። «በኋላ» የመጣ ሁሉ «የተነሣ» የመጣ አይደለም።

«ቀኑ ደርሶ ነው፤ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን?» የሚሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ቃሉ ኀዘንተኛን ያጽናናል፤ ኀዘንተኛ ፊትም ሌላ ንግግር አያስፈልግም። ነገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ ገና ያልታመሙ ልጆች አሉ። ለሟቹ «ቀኑ ነው» ብለን ለተረፉት አጎበር መስቀል ከእምነታችን ጋር አይጣላም።

እንግዲህ የምናሳስበው ይህን ነው። ከእንግዲህ በድንኳናችን «ምን ገደለው?» ሲባል ከመልሱ በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው? ምክንያት የተባለው ነገር ከዚያ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ያ ነገር በሌለበት ቤትስ ሕመሙ የለም ወይ? ከምክንያቱ እስከ ውጤቱ ያለውን መንገድ ያየ ወይም የሚያስረዳ ማን ነው? እነዚህ ሳይመለሱ የሰው ስም ከተነሣ፣ አጠገቡ የተቀመጠ አባል «ቆይ እስቲ፣ በምን አወቅህ?» ይበል። መልስ ካልተገኘም «አላወቅነውም» ብሎ መነሣት ነውር አይደለም። ኀዘንተኛውን ለማጽናናት የመጣ ሰው በሌላ ቤት ኀዘን ተክሎ መሄድ የለበትም።