ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚስማማውን ስብሰባ ስለ መምረጥ



እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለንግድ ጉዳይ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ሄዶ ነበር። የሄደበት ጉዳይ ሳይሳካ ቀረ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወር ያህል ቢሆነው ነው። በሆቴሉ አዳራሽ በአንድ በኩል የቡና ቤቱ ሁካታ ይሰማል፤ በሌላው በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት አድራሻ ዝርዝር ይታያል። ዊልሰን ወደ ስልኩ ሄደ። የፈለገው ግን ሰባኪ አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው እንጂ። በመጨረሻ የተገናኘው ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ፣ ከከተማው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነው። ስሚዝ 15 ደቂቃ ብቻ ለመቆየት አስቦ ገብቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ምክርና ተግሣጽ ቀድሞውንም አላነሰውም ነበር፤ ስለ ገዛ ስካሩ የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም ነበር። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ ጠጪዎች ሙሉ ስማቸውን ሳይገልጹ የሚረዳዱበት ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ሆኖ ይቆጠራል።

«ስብሰባው አልተስማማንም» የሚለው ቅሬታም የዚያኑ ያህል ያረጀ ነው። የአክሮኑ ስብሰባ ይካሄድ የነበረው ኦክስፎርድ ግሩፕ በተባለ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ጥላ ሥር ስለ ነበር፣ ከክሊቭላንድ የሚመጡ ካቶሊኮች ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር የሚያጋጫቸው ሆኖ አገኙት። መፍትሔያቸው መቅረት አልነበረም፤ በ1939 በከተማቸው ሌላ ስብሰባ ተቋቋመ። ዛሬ ግን አንድ ሰው በስንት የቤተሰብ ልመና ወደ አንድ ስብሰባ ይሄዳል፤ ንግግሩ አይጥመውም፤ ወይም በዕድሜም በኑሮም ከማይመስሉት ሰዎች መካከል ይቀመጣል። በማግሥቱ «ሞክሬዋለሁ፤ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ወደ መሸታው ይመለሳል። የሞከረው እኮ አንድ ክፍል፣ ያውም አንድ ምሽት ነው። አንድ የአፈር ናሙና ብቻ አይቶ የግድብ ቦታ ስለሚተው መሐንዲስ ምን እንደሚባል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስብሰባዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ክፍት የሚባለው ለቤተሰብም ለወዳጅም የተፈቀደ ነው፤ ዝግ የሚባለው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። በአንዳንዱ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፤ በሌላው ተራ በተራ ይወያያሉ፤ በሌላው በ1939 የታተመው የማኅበሩ መጽሐፍ ይጠናል። ለሴቶች ብቻ የሚደረግ አለ፤ ሐኪሞችና አውሮፕላን አብራሪዎችም የየራሳቸው አላቸው። መንፈሳዊው አነጋገር ለሚከብደው ደግሞ በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ የተለየ መንገድ ይከተላል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? ጠጪውን ከሚስማማው ሕክምና ጋር ማጣጣም ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር በአሜሪካ «ፕሮጀክት ማች» የተባለ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ዋናው ውጤት በ1997 ታትሟል። 1,726 ሰዎች በሦስት የሕክምና ዓይነቶች ተደልድለው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ሰውየውን ወደነዚህ ስብሰባዎች የሚመራ ነው። ይጠበቅ የነበረው መጣጣም በአብዛኛው አልታየም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ወዳጆቹ መጠጥን የሚያበረታቱበት ሰው ከአጭሩ የማነቃቂያ ምክር ይልቅ ወደ ስብሰባ በሚመራው ሕክምና ይበልጥ ተጠቅሞ ተገኘ። እንግዲህ ሊመዘን የሚገባው የንግግሩ ማማር ሳይሆን፣ ከማይጠጣ ሰው ጋር ወዳጅነት የሚጀመርበት መሆኑ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ቀላል አይደለም። በሠርጉም በማኅበሩም ጠላና ጠጅ አይታጣም፤ የቀረበውን ብርጭቆ መመለስ ጋባዡን እንደ መናቅ ሊቆጠር ይችላል። በመስክ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያም ከካምፑ የምሽት ጓደኞች በቀር ሌላ ላይኖረው ይችላል። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖረው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ አሳምሮ የሚናገር ሰው ኀፍረቱን በእንግሊዝኛ መግለጽ ይተናነቀዋል፤ በአማርኛ እንዳይናገር «ወሬው ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይደርሳል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ በየሳምንቱ የሚሄድበት ስብሰባ፣ በአማርኛ ሊደረግ ይችላል እያለ ከሚጠብቀው ይሻለዋል።

በልምድ የሚሰጠው ምክር ከመወሰን በፊት ስድስት ጊዜ ያህል፣ ያውም የተለያዩ ስብሰባዎችን ማየት ነው። ለቤት ወይም ለሥራ ቦታ የቀረበ፣ በተለይም ቀድሞ ይጠጣበት በነበረው ሰዓት የሚደረግ ቢሆን ይመረጣል። ቀደም ብሎ መድረስና ሲበተን ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ የሚሰጥ ሰው የሚገኘው ወንበር ሲሰበሰብ ነውና። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁም የሚል ቡድን ካጋጠመ ግን ሌላ መፈለግ ነው፤ ማኅበሩ ራሱ አባላቱ ሐኪም እንዳይሆኑ ያሳስባል። አዲስ ገቢን ገንዘብ የሚያበድሩት ወይም በፍቅር የሚያጠምዱት ካሉም እንዲሁ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥና ለሞት የሚያሰጋ መቃዠት ሊደርስበት ስለሚችል፣ ወደ ማናቸውም ስብሰባ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታየት አለበት።