እንግዳን ማብላት ብቻ አይበቃም

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ «ከአገር ቤት የመጣ ወዳጅን በከተማ ስለ ማቋቋም» የሚል ነው። ምክር ለመስጠት ብንነሣም አስቀድመን የገዛ ጥፋታችንን መናገር ግድ ይሆንብናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ የእንግዳ ከተማ ናት። ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል ራሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ከሌላ አገር ጓዙን ይዞ ያልመጣ ቢቆጠር ጥቂት ነው። እድርም በከተማው የተስፋፋው ዘመዱ በሩቅ የቀረበት ሰው ጎረቤቱን ዘመድ ለማድረግ ብሎ ነው። እኛ ግን ይህን ዘንግተን ኖረናል።

በ1917 አይደለም፣ በቅርቡ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ አብሮ አደጋችን ከደብረ ሲና መጣ። ሙያው ልብስ ሰፊነት ነው። ላምበረት መናኸሪያ ሄደን ተቀበልነው፤ ፍራሽ አነጠፍንለት፤ ቤት ያፈራውን አቀረብንለት። የእግዜር እንግዳ ነውና በምግብ በኩል አላጎደልንም። «በቃ፣ አደራችንን ተወጣን» አልን።

ምን ልበላችሁ፣ ያላደረግነው ይበልጣል። ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ መጮህ አፍሮ ስንት ቀን መጨረሻ ድረስ ተወስዶ በእግሩ ተመልሷል። ሁለት ሦስት ቀን አብረነው ብንሳፈር፣ ከዚያም «አሁን አንተ ምራን» ብንለው ኖሮ በሳምንት ይለምደው ነበር። የከተማ ሰው የቤት ቁጥር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ አደባባዩን ምልክት አድርጎ እንደሚሄድ እንኳ አልነገርነውም።

ቀጥሎ ቤት ተከራየ። ደላላ አገናኘውና ያለ አንዳች ወረቀት የ6 ወር ኪራይ ቅድሚያ ከፈለ። በሁለተኛው ወር «ልቀቅ» ተባለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ያዛል። እኛ ይህን እናውቅ ነበር። ታዲያ ማወቃችን ለእሱ ምን ጠቀመው?

መታወቂያውም እንዲሁ። የፋይዳ ቁጥር ስላለው ሁሉ ነገር የሞላለት መስሎን ነበር። ፋይዳ ማንነትን እንጂ የት ወረዳ ነዋሪ እንደሆነ አይመሰክርም። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። ሳይነሣ በስልክ «መሸኛህን ይዘህ ና» ብንለው ኖሮ ለአንድ ወረቀት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተመላልሶ የሥራ ቀን ባላቃጠለ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በገንዘብና በድካም የሚመለስ ነው። የማይመለሰውን እንንገራችሁ።

አንድ ሌሊት የእናቱ መርዶ በስልክ ደረሰው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሄደ፤ ቀብሩ ላይ ግን አልደረሰም። ሣልስቱን አውጥቶ፣ የሰው ልብስ በእጁ ስለነበር ተመለሰና ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። ለኛም አልነገረንም። «ስንት ጊዜ ልክበዳቸው» ብሎ ነው። እዝን ይዞ የመጣለት የለም። ጎረቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለማያውቀው ነው።

በዚያው ሳምንት የእድራችን ጥሩምባ በደጁ አለፈ። ወጥቶ «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የማያውቁት ሰው ነው። ሆኖም ጋቢውን ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጦ የገዛ እናቱን አለቀሰ። እኛም እዚያው ነበርን። «ሟቹን በምን ያውቀው ኖሯል?» ተባባልን። ነገሩን የሰማነው ሲወጣ ተከትለን ስንጠይቀው ነው። ያን ቀን አንገታችንን ደፋን።

የተከበራችሁ አባሎች፤ እንግዳ የሚበላውና የሚተኛበት ካገኘ ይሰነብታል፤ ኗሪ የሚሆነው ግን ሰው ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ወዳጅ የሚመጣበት ሁሉ ሳይነሣ ስለ መሸኛው ይንገረው፤ ቤት ሲከራይ አብሮት ይቁምና ውሉን ያንብብለት፤ መንገዱን ያስለምደው፤ ሙያውን ለሰፈሩ ያስተዋውቅለት። ከሁሉ በላይ አንድ ወር ሳይሞላው የወር ስብሰባችን ላይ ይዞት ይምጣና «ይህ ሰው ጎረቤታችን ነው» ይበል።

ከጉባኤው የምንለምነው አንድ ነገር ነው። አዲስ ገቢ የእድሩን መግቢያ ባንድ ጊዜ መክፈል ስለሚያቅተው «ሲሞላልኝ እገባለሁ» እያለ ይቀራል። ሞትና መርዶ ግን እስኪሞላለት አይጠብቁም። መግቢያው በየወሩ ከመዋጮው ጋር ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ ኀዘን ቢደርስበትም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢያንስ ጥሩምባው እንዲነፋለትና ሰው እንዲደርስለት ጉባኤው ተወያይቶ ይወስንልን።

ያ ወዳጃችን ዛሬ አባላችሁ ነው። ባለፈው ክረምት የተቀደደውን ድንኳናችንን ያለ ክፍያ የሰፋው እሱ ነው።

እድራችንን ያጽናልን።