መሪውን ማን ጨበጠው?

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለታክሲዎች ከተደረገ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በዚያች መሪ ልጅ ያስተማረ፣ እናቱን የጦረ፣ ወንድሙን ያቋቋመ ስንቱ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት ኪራዩ የሚከፈለው፣ መድኃኒቱ የሚገዛው እናንተ ሌሊቱን ከምታነጉበት ወንበር ላይ በሚላክ ዶላር ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ወንበር ነው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚነዳ ታክሲ መጥቷልና!

ወሬ አይደለም። ዋይሞ የተባለው ኩባንያ ሾፌር አልባ ታክሲውን እ.ኤ.አ. በ2020 ፊኒክስ አካባቢ፣ በ2024 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለማንኛውም ተሳፋሪ ክፍት አደረገ። በ2025 በሳምንት ከ200 ሺህ በላይ የሚከፈልበት ጉዞ ያደርግ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በ2026 ወደ እናንተው ከተማ ለመግባት ማቀዱን አስታወቀ።

ለመሆኑ ሕዝቡ ይሳፈራል ወይ? ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የባለመኪናዎች ማኅበር በ2025 ባወጣው ጥናት ከ100 አሽከርካሪዎች 61ዱ «እፈራለሁ» ሲሉ፣ «አምናለሁ» ያሉት 13 ብቻ ናቸው። ይሁንና መኪናዋ ባለችበት ከተማ ሰዉ እየጠራ ይገባባታል። «ሕዝቡ ይፈራታል» እያላችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ አትሞኙ። የሰው ፍርሃት የእንጀራ ዋስትና አይሆንም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች የሚሳፈሩት ብቻቸውን ወይም ከወዳጆቻቸው ጋር ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋርቶ መሄድ ሌላ ነገር ነው። የኛን የአዲስ አበባ ሚኒባስ አስቡት። ወያላውን ብንሳደብም ሰካራሙን «ወንድም፣ አደብ ግዛ!» የሚለው፣ ዕቃ ረስተው ለወረዱት «እትዬ፣ ዘንቢልዎ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። በምሽት አንዲት ሴት ከማታውቀው ጎረምሳ ጋር ሾፌር በሌለበት መኪና ውስጥ ብትቀመጥ ማንን ትጣራ? ካሜራውን?

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በጥቅምት 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት እግረኛ በሌላ መኪና ተገጭታ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ ሾፌር አልባ ታክሲ ፊት ወደቀች። ታክሲዋም ገጭታት ቆመች። ቀጥላም ወደ ጥግ ልውጣ ብላ ሴትዮዋን 6 ሜትር ያህል ጎተተቻት። ኩባንያው ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት የመጎተቱን ነገር ዘለለው! ካሊፎርኒያ በዚያው ወር ፈቃዱን አገደች። በ2024 ኩባንያው ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500 ሺህ ዶላር ተቀጣ። በዓመቱ መጨረሻም ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ የታክሲውን ሥራ ዘጋው።

ወገኖቼ፣ የተሳሳተ ማሽን ይታረማል። የዋሸ ኩባንያ መኪና ላይ ግን ማን ልጁን ያሳፍራል? እናንተ ብታጠፉ መንጃ ፈቃዳችሁ አለ፣ ስማችሁ አለ፣ ፖሊስ አስቁሞ ይጠይቃችኋል። ባዶውን ወንበር ማን ይጠይቀዋል?

በየካቲት 2024 የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች አንዷን የዋይሞ መኪና አቃጠሏት። ምን ተገኘ? ኩባንያው ሌላ አሰማራ። የኛ ትግል በክብሪት አይደለም። አደጋ በደረሰ ቁጥር ሪፖርቱ ሳይሸራረፍ ለሕዝብ ይውጣ፣ በስሙ ቀርቦ የሚጠየቅ ሰው ይኑር፣ ሕጉ ሲረቅ ባለታክሲው ይሰማ እንበል። ይህን ዛሬ ካልጠየቅን እንጀራችንን እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስደዋል።

ሕዝብ ሾፌር ባያይም ይሳፈር ይሆናል። መሪውን ማን እንደጨበጠ፣ ሲገለበጥም ማን እንደሚጠየቅ የማወቅ መብት ግን አለው። ይህ ለታክሲ ነው። ከታክሲ ለሚተልቀውም መሪ ያው ነው!